የተደፈነው ቀለም መርጫ

ያን ረቡዕ ጠዋት የቀለም መርጫዬን አፍንጫ በሚስማር ወጋሁት። አርባ ዓመት መኪና ስቀባ ኖሬ፣ ተማሪዎቼን ሁሉ «በብረት የነካው እጁ ይቆረጥ!» ስል ኖሬ፣ በስተርጅና ራሴ በሚስማር! ፀጉር የማታሳልፈው ቀዳዳ እንደ ጉድጓድ ሰፋች። እጄ ግን ይኸው አለ።

ያሳበደኝ ንዴት ነው። መርጫውን በያጁ የተባለው ጎረቤቴ የደብራችንን የብረት አጥር ለቅዳሜው ንግሥ ሊቀባበት ተውሶኝ ነበር፤ መርጨትና ማጠብ ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። በማግስቱ «ጨርሰናል፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ መለሰው። ውጪው ተወልውሎ ያበራል፤ ውስጡ ድፍን! ለመሆኑ ማጠብ ምን ይከብዳል? ጣሳው ውስጥ ቲነር ጨምሮ ጠርቶ እስኪወጣ መርጨት፣ መርፌውን መዝዞ አፍንጫውን መዘፍዘፍ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ አንድ ጠብታ ዘይት፤ አለቀ። ግን ለታቦት ሥራ ነው ከተባለ፣ ዕቃው ሞቶ ቢመጣም ባለቤቱ «ይሁን» እንዲል ይጠበቃል። እኔ አልልም!

ከዘራዬንና መርጫውን ይዤ ወደ ደብሩ ወረድሁ። «ጨርሰናል» ያለው ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገና ግማሹ ላይ ነው፤ አጥሩን በብሩሽ አረንጓዴ ይቀባሉ።

«አንተ! የሰው ዕቃ እንዲህ ነው የሚመለስ?»

«አያ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ጉሮሮው ተደፍኗላ!»

አንገቱን ደፋ። «እኛ አልረጨንበትም።»

«ታዲያ ማን ረጨበት፣ መልአክ?»

አንዱ ጓደኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። «አያ፣ መርፌውን ይምዘዙና ቀለሙን ይዩት እስኪ።»

መዘዝሁት። የደረቀው ቀለም ቡናማ ነው። የባለቤቴ ቁም ሳጥን ቡናማ! ቀብቼ እንደጨረስሁ «ጠላ ተቀድቷል» ስባል መርጫውን ከነቀለሙ ጥዬ የሮጥሁት እኔው ነኝ።

«ምነው ያኔ አትነግረኝም?» አልሁት።

«እንዴት ብዬ? ማጠብ ያስተማሩኝ እርስዎ! አፈርሁ።»

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አክብሮት ተብሎ ሦስት ጎልማሶች ያን ሁሉ አጥር በብሩሽ ሲንፏቀቁበት! ሽማግሌ ጥፋቱን ሰው ካልነገረው ከማን ይስማ፣ ከሚስማሩ? በጊዜው ቢነግረኝ ዘፍዝፌ፣ አጥቤ እሰጠው ነበር። ያኔ ግን አፍንጫው ተበላሽቶ፣ ንግሡም ደርሶ ነበር።

ይቅርታ ማለት ስላቃተኝ ብሩሽ ተቀበልሁት። እስከ ዓርብ አብሬያቸው ቀባሁ። ቅዳሜ ታቦቱ ሲወጣ አጥሩ ሸጋ ሆኖ ነበር፤ እኔ በቀባሁት በኩል ብቻ እንደ ሻማ ተንጠባጥቧል።

የበያጁን ብሩሽ ኪሴ ከትቼ መምጣቴን ያወቅሁት እሑድ ነው። ሳይታጠብ ደርቆ እንጨት ሆኗል። እሱ እስካሁን አልጠየቀኝም፤ ያፍራል። አንድ ብሩሽ አለብኝ፣ ከነይቅርታው።