በውሻ ሆድ የገባው ስለት

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና ከገበያው ወረድ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ በክረምት ምሽት ተረት የሚያወሩልን የእናቴ አክስት እመሆይ ነበሩ። ከመነኮሱ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ እመሆይ ብቻ ነበሩ። ከፍሙ ራቅ ብለው ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ኩራዟ በነፋሱ ትርገበገባለች፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያወሩ። ያኔ የማለቅሰው ከጭሱ ይሁን ከተረቱ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ በልቤ የቀረው ተረት ግን ለኛ ለልጆች የተወራ አልነበረም። ለትልልቅ ሰዎች፣ ያውም የታናሽ ወንድሜ የይበልጣል ነፍስ አጣብቂኝ ውስጥ ገብታ ሳለ የተወራ ነው።

እናቴ ይበልጣልን የወለደችው ከሱ በፊት የወለደቻቸውን ቀብራ ነው፤ የቀረሁላት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ ሲወለድ «ይህን ካቆየሽልኝ በየዓመቱ ለፍልሰታ ዘቢብ አገባለሁ» ብላ ለማርያም ተሳለች። ዘቢብ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ለቅዳሴ የሚሆን ነውና እንደ ዋዛ አይያዝም። በኛ ገበያ በቀላሉ ስለማይገኝ አባቴ ነበር ከደጀን፣ ከመኪናው መንገድ፣ የሚያመጣላት። በዚያ ክረምት አምጥቶ ሰጥቷት ከነጋዴዎች ጋር ወደ ደጀን እንደተመለሰ ዝናቡ በረታ፣ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱም ተዘጋ። እናቴ ዘቢቡን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከምሰሶው ሰቀለችው። የፈራችው አይጥ ነበር፤ ውሻ ጭራሽ አላሰበችም።

ውሻችን ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ነበረው። የወደቀ ሾላ ይለቅማል፣ ዶቅማ ይበላል፣ እኛ በልተን የጣልነውን ኮክ ሳይቀር ይልሳል። «ጾመኛው» እያልን እንስቅበት ነበር።

ቋጠሮው እንዴት እንደወረደ እስካሁን አላውቅም። እኔ ጓዳ ሽሮ ስነፋ ይበልጣል ሲጮህ ሰማሁ። ስወጣ ቦራ ጨርቁን በጥርሱ ይዟል፣ ይበልጣልም በሌላው ጫፍ ይጎትታል፤ ውሻው መንጭቆ ሲወስድ ጥርሱ የልጁን እጅ ጫረውና ደም ወጣ። እናቴ ከውሃ ስትመለስ እንስራዋን እንኳ በወጉ ሳታወርድ እጁን አጠበችለት። ባዶውን ጨርቅ ስታይ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ያኔ ለዘቢቡ ያዘነች መስሎኝ ነበር። ልጄ የቆመበትን ቃል ውሻ በላብኝ ማለቷ እንደነበር የገባኝ አሁን ወልጄ ነው።

ሲመሽ ቦራ ማስመለስ ጀመረ። እናቴ አመድ እየበተነች ጠረገችው። በነጋታው እግሩ ይተሳሰራል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ሲጠሩት ዘወር አይልም። ጎረቤታችን አያ ደምሌ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ጥሩዬ! ይኸ ውሻ አብዷል!»

«ሆዱን ታሞ ነው፣ አያ።»

«የምን ሆድ! ለሀጩን አታይም? ልጁንም ነክሶታል አሉ፤ ምነው ሸሸግሽ?»

«ጫረው እንጂ አልነከሰውም።»

«ያበደ ውሻ ጥርስ ምን መጫር ምን መንከስ አለው፣ እቴ!»

አያ ደምሌ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸው ባበደ ውሻ ተነክሶ፣ ውሃ ባየ ቁጥር እየጮኸ ከእጃቸው ላይ ነው የሞተ። ስለዚህ አላረፉም፤ ወዲያው ግቢያችን በሰው ሞላ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ቁስል አካሚ ድሬሰር ቁስሉን በሳሙና አጥቦ፣ የእብድ ውሻ መርፌው እዚህ እንደሌለና ማርቆስ ድረስ መሄድ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። እናቴ «አዝዬው እሄዳለሁ» ስትል አያ ደምሌ «ወንዙን በምን ልትሻገሪ? ጃንሆይ መኪናቸውን ይላኩልሽ?» አሏት።

ያለው የአገሩ መድኃኒት ብቻ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ያለ አንድ ባለመድኃኒት ተጠርቶ መጣና በቀንድ በጥብጦ ሰጠን፤ ሲነጋ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ብሎ ሄደ። ያን መድኃኒት የማይፈራ አልነበረም። ትልቁን ሰው እንኳ ከላይም ከታችም አውጥቶ አጥንቱን ነበር የሚተወው፤ «ወይ ያድናል ወይ ይገላግላል» ይባልለታል። ይበልጣል ደግሞ ጡት ከጣለ ብዙ ያልቆየ፣ ሲሮጥ የሚደናቀፍ ልጅ ነው።

ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወደ ቦራ ሲሄዱ እመሆይ ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ።

«ተዉት። ከገደላችሁት ምን ሆኖ እንደነበረ በምን እናውቃለን?»

ከጓሮ ግንድ ላይ አሰሩት።

ያን ዕለት ምሽት ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ፍሙ ይጨሳል፣ ኩራዟ ትርገበገባለች፣ ይበልጣል ምንም ሳያውቅ በእናቴ ጭን ላይ የቀሚሷን ክር ይመዛል። እናቴ ድንገት ያንን የተቀደደ ጨርቅ ከጉያዋ አወጣችው።

«ዘቢቡን ነው የበላው» አለች። «የማርያምን ስለት ነው የበላው።»

አንዲት ሴት «እግዚኦ! እንግዲያማ ቁጣ ነው፤ ልጁም...» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያኔ እናቴ የምትሸሽበት አልነበራትም። ውሻው ካበደ ልጇ ያን መድኃኒት ሊጠጣ ነው፤ ስለቱን በልቶ ከሆነም ልጇ የተለመነበት ቃል በውሻ ሆድ ገብቷል።

እመሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንድ ተረት አለች» አሉ።

«እመሆይ፣ አሁን የተረት ሰዓት ነው?» አሉ አያ ደምሌ።

«እስኪነጋ ሌላ ምን ሥራ አለህ፣ ደምሌ? ቁጭ በል።»

ቁጭ አሉ። እመሆይም አወሩ። ኖኅ ከመርከቡ ወርዶ ወይን ሲተክል ጠባቂው ውሻ ነበር አሉ። ዝንጀሮ ሲመጣ ያባርራል፣ ቀበሮ ሲመጣ ያባርራል። ወይኑ ሲያፈራ ውሻው «ጌታዬ፣ ከጠበቅሁት ልቅመስ» አለ። ኖኅም «ሾላውም ዶቅማውም ያንተ ነው። ከኮኩ ሥጋውን ብላ፤ ውስጡ ያለውን ድንጋይ ግን አትስበር፣ መርዝ አለው። ወይኑን ግን እርጥቡንም ደረቁንም አትንካ» አለው። ውሻው አዘነና «ርኩስ ስለሆንኩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም» አለ ኖኅ፤ «ኩላሊትህ አይችለውም። ብትበላው ያስመልስሃል፣ ይጠማሃል፣ የጠጣኸውን ውሃ ግን መሽናት ያቅትሃል።» ውሻው አላመነም። ደረቁን ሰርቆ በላ፤ እንደተባለውም ሆነ። ኖኅ ግን አልረገመውም። አቅፎ አለቀሰለት።

«ማርያም ከውሻ ጋር ምን ጥል አላት?» አሉ እመሆይ። «ስለትሽ ዘገየ እንጂ አልፈረሰም፣ ልጄ። አሁን ለውሻው ውሃ ስጡት።»

እናቴ ኩራዟን ይዛ፣ እኔ ውሃ በቅል ይዤ ሄድን። ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ቦራ ውሃውን ሲያይ አልሸሸም። አንገቱን አስረዝሞ ላፈው፣ ቅሉ ባዶ ሲሆንም ቅሉን ላሰው። ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ሲባል ነው የምንሰማ፤ ሴቶቹ ተነፈሱ። አያ ደምሌ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገና ሳይጠናበት የሚጠጣም አለ። በተረት ልጅ አይድንም፣ ጥሩዬ። ሲነጋ እመጣለሁ።»

መጡም። እናቴ ይበልጣልን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቀንዱን ገልብጣ መድኃኒቱን ጭቃው ላይ አፈሰሰችው።

«ምን ማድረግሽ ነው! ነገ ውሃ አይቶ ቢጮህ ምን ልትይ ነው?»

«ዘቢብ ነው የበላው። ለውሻ ኩላሊት አይሆንም። ኖኅ የተናገረውን ማን ይሽራል?» አለች።

ድምጿ የጸና ነበር። ባዶውን ቀንድ እጃቸው ላይ አኑራ ወደ ቤት ገባች።

ቦራ በዚያው ሰሞን ሞተ። የከፋው ግን ከዚያ ወዲያ የመጣው ነበር። ይበልጣል ውሃ በጠየቀ ቁጥር እናቴ ትደርቃለች። ሌላ ሰው እንዲሰጠው አትፈቅድም፤ ራሷ ትንበረከክና ጉሮሮው ውሃውን ሲያወርድ ታያለች። ትን ካለው ትንፋሿ ይቆማል። እኔም ከኋላዋ ቆሜ አብሬያት እውጥ ነበር። ዝናቡ አባራ፣ አደይ ፈነዳ፣ አባቴ ገባ፣ መስቀል አለፈ፣ እሷ አሁንም ትንበረከካለች። መቼ እንዳቆመች አላስታውስም፤ ምናልባት እኔ ተድሬ ሞጣ እስክመጣ ድረስ አላቆመችም። ይበልጣል ግን አለ። አሁን ቅኔ ቤት ገብቷል።

ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ልታርሰኝ ሞጣ መጣች። አንድ ምሽት፣ ሕፃኗ አልተኛ ብላን ስናባብላት፣ ጠየቅኋት። «እምዬ፣ ያን ጊዜ የእመሆይን ተረት አምነሽ ነው?»

«ምን አምናለሁ!» አለች። «ሰው ሁሉ ሲሄድ ከቀንዱ ጣቴን እየነከርኩ ቀመስኩት። ሆዴን ይዤ ስንከባለል ነጋ። እኔን እንዲህ ያደረገ ያን ጨቅላ ምን ሊያስተርፈው ነው አልኩ።»

«ታዲያ ኖኅን ለምን ጠራሽ?»

«ፈራሁ ብላቸው ማን ይሰማኝ ነበር?»

ይህን ብላ ሕፃኗን ተቀበለችኝ።

እኔ ፊደል ቆጠርኩ እንጂ ብዙ አልተማርኩም። ልጄ ስትስል ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አድራለሁ፤ የፍርሃቴን ነገር ለማን ብነግረው እንደሚገባው አላውቅም። ብቻ ሲመሽ፣ ከእመሆይ የሰማሁትን ሁሉ፣ የውሻውንም የሌላውንም፣ አወራላታለሁ። የትኛው ቃል የትኛው ቀን ላይ እንደሚያስፈልጋት ስለማላውቅ አንዱንም አልመርጥ። እንቅልፍ እስኪወስዳት አወራለሁ፤ ከወሰዳትም በኋላ ትንሽ እቀጥላለሁ።