አንገቴን ያጎነበስኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ሉማሜ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው፣ «ይኼ መምህር ለሰው አንገቱን ዝቅ አያደርግም» ሲሉ ሰማኋቸው። ስንቱን አስረድቼ እዘልቀዋለሁ? የአንገቴ አጥንቶች በብረት ተያይዘዋል፤ ላጎንብስ ብልም አይታዘዙኝም። ሰልችቶኝ ንፍሮዬን መቃም ቀጠልኩ።

ነገሩ የጀመረው በሃያ አራት ዓመቴ፣ ይጁቤ ሳስተምር ነው። ክረምቱን ሙሉ አንገቴን ሲያመኝ ከረመ። አንዱ ብርድ ነው አለኝ፣ ሌላው ትራስህ ነው አለኝ፤ ወጌሻው ደግሞ ቅቤ ቀብቶ ሲያሸኝ ሰነበተ። ጭቃው ደርቆ አደይ ሲፈነዳ ጠመኔ ከጣቴ ይወድቅ ጀመር። ደብረ ማርቆስ የመረመረኝ ሐኪም፣ ቲቢ የአንገቴን ሁለት አጥንቶች እንደበላና መግሉ ኅብለ ሰረሰሬን እንደተጫነው ለእኔና ለአባቴ ነገረን። መድኃኒት አስጀምሮ፣ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊልከኝ አንገቴን በመደገፊያ አሰረና፣ «አምቡላንሱ እስኪመጣ ቀና እንዳትል። አጥንቱ ከተንሸራተተ እግርህን ታጣለህ» አለኝ።

ይህን ለእኛ አገር ሰው አስረዳ እንግዲህ። ጠያቂው እርጎና ዳቦ ይዞ ይጎርፋል፤ ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር እኔ እንደ ግንድ ተጋድሜያለሁ፤ አባቴ ያፍራሉ። ሐኪሙ ያለውን አብረን ነበር የሰማነው። በሁለተኛው ቀን የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለመስቀሉ እንኳ ትንሽ ቀና በል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ጅሉ ቀና አልኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ አንገቴንም ዝቅ አደረግሁ። እንደ መብረቅ ያለ ነገር በጀርባዬ ወረደ። መስቀሉን ስሜ ሳልጨርስ እግሮቼ የሌላ ሰው ሆኑ።

አዲስ አበባ አንገቴን ከፊት በኩል ከፍተው መግሉን አጠቡ፣ የበሰበሰውን አጥንት አወጡ፣ በምትኩ ከዳሌዬ ቆርጠው ተከሉና በብረት አሰሩት። ቀዶ ሐኪሙ ለማን ብዬ እንደተነሳሁ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ተኝተህ ቢያሳልሙህ በረከቱ አይደርስህም ነበር?» አለኝ።

የእግሬ አውራ ጣት የተንቀሳቀሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በምርኩዝ ለመቆም ወራት ፈጀብኝ።

አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳይናገሩ ኖሩ። ብቻ ከዚያ ወዲያ እኔ በገባሁ ቁጥር፣ ሳላጎነብስ እንድስማቸው ከመደባቸው ይነሱ ነበር። አባት ለልጁ፣ ያውም ሰው እያየ።

«ኧረ ይቀመጡ አባዬ፣ አያሳፍሩኝ» እላለሁ።

«ዝም በል። ለአንተ አይደለም፤ ለአንገትህ ነው» ይላሉ።

ጉልበታቸው ከደከመ በኋላም በከዘራ ተደግፈው ይነሱ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ተበሳጨሁባቸው።

እሑድ ዕለት ሽማግሌውን ልሰናበት ቆሜ እጄን ብዘረጋ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ደብረ ማርቆስ እስክደርስ በንዴት በገንኩ፤ የበገንኩት ግን በአባቴ ነው። ያን ቀን አንዲት ቃል፣ «ተኛ» ቢሉኝ ኖሮ፣ ዕድሜ ልካቸውን መነሳት ባላስፈለጋቸው ነበር።