የማይወረወር ማሽን

ሲስተር የሰው ጭንቅላት ታውቃለች። ሃያ ሦስት ዓመት በድንገተኛ ክፍል ቁስል ስትሰፋ ኖራ፣ በጠርሙስ የተፈነከተውንና ከደረጃ የወደቀውን ገና በበሩ ሲገባ ትለያለች። አንዲት ሚስት ያበጠ ጉንጯን ይዛ "በር መታኝ" ስትላት፣ "በራችሁ ቀለበት ያደርጋል እንዴ?" ብላ የጠየቀች፣ ቀጥላም ባልየውን ከኮሪደር አስጠርታ አንገቱን አንቃ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው እሷ ናት። ለዚህም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ወገቧ አልቆም ሲላት ሥራውን ለቀቀችና ከደም የተገላገለች መሰላት። ምን ዋጋ አለው፣ ደሙ ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጣ።

ያመጣባት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ የአራት ዓመት ሕፃን፣ እሷ ደግሞ ጠያቂ የበዛባት ወጣት ነርስ ነበረች። ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ ሸኝታ እሱን አሳደገች፤ ሌላ የኔ የምትለው ሰው የላትም። እሱ አድጎ የፊቱን ክፍል ጌም ቤት አደረገው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ኮንሶል፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር። ደንበኞቹ "ሽማግሌው" ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልደፈነ ሽማግሌ! ማንም አልሾመውም፤ ጠብ በተነሳ ቁጥር ዘሎ መሀል የሚገባ፣ የሚገላግልና የሚያስታርቅ እሱ ስለሆነ ነው።

ሽምግልናው ታዲያ ጦሱ ብዙ ነበር። ቅንድቡ ላይ አምስት ስፌት፣ ከግንባሩ በላይ ዘጠኝ፣ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ሦስት። ሁሉንም ወጥ ቤት አስቀምጣ የሰፋችው እሷ ናት። ሲስተር በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከእነዚህ እብዶች አንዱ ወንድሟን እንዳይገድልባት። ይህንንም በሆዷ አልያዘችውም፣ ጠዋት ማታ ትነግረዋለች፣ እሱ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ የሆነው ግን ሳቁን አስተወው። መካኒኩና ቀለም ቀቢው የተባሉ ሁለት ደንበኞች በኮንሶሉ ኳስ ይጫወታሉ። መካኒኩ ከጎረቤት ጋራዥ የሚመጣ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ሽንፈት ከጉሮሮው የማይወርድለት ሰው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቀቢው አገባበት። ማግባቱስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ጆሮው ሥር ተጠግቶ "ውይ፣ ውይ፣ ውይ" እያለ አለቀሰለት። ጆይስቲኩን ከነገመዱ አሽከርክሮ ቀቢው አፍ ላይ አሳረፈው። ሁለት የፊት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቀቢው ደሙን እንኳ ሳይተፋ በቴስታ የመካኒኩን አፍንጫ ሰበረው። አግዳሚው ተገለበጠ፣ አንዱ ቴሌቪዥን በፊቱ ተደፋ፣ መካኒኩ ቀቢውን ከሥሩ አድርጎ በጆይስቲኩ ይወቅጠው ጀመር። ሽማግሌው እጁን ለመያዝ መሀል ሲገባ ቀጣዩ ምት ቅንድቡ ላይ አረፈ። የድሮው ስፌት እንደ ጆንያ አፍ ተተረተረ።

ሲስተር መጥረጊያ ይዛ ደረሰች። መካኒኩን ጀርባው ላይ ሦስት ጊዜ ስትለው እንጨቱ ተሰበረ። እሱ ግን ያቆመው በምቱ ሳይሆን የሽማግሌውን ደም አይቶ ነው።

"ሽሜ! አንተን ነው እንዴ የመታሁት? ምነው እጄን በቆረጠው!" ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሱና ቀቢው፣ አንዱ አፍንጫው ውስጥ ሌላው አፉ ውስጥ ጥጥ ወትፈው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መካኒኩ ጥርሶቹን ከአግዳሚው ሥር ተንበርክኮ ፈልጎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤታቸው አስረከበ።

"ይሄን ያህል ከተዋደዳችሁ ተጋቡና ገላግሉኝ!" አለች ሲስተር የወንድሟን ቅንድብ እየሰፋች። 

ሰዎቹ ሲወጡ መርፌውን አስቀመጠች። "ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ዓይንህ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ኮንሶል የሚባል ነገር እዚህ ቤት አላይም። ኮምፒውተር እንገዛለን።"

"እታለም፣ ኮንሶሉ ምን አደረገ? ሰዎቹ ናቸው እኮ። አንቺ አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን ነው የምትመቺው።"

"አህያውን መምታት ብችልማ ዳውላው ምን አደረገኝ! ክርን ለክርን አጣብቀህ ታስቀምጣቸዋለህ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ። እጃቸው ላይ ደግሞ የሚወረወር ነገር ትሰጣቸዋለህ። ምን ያድርጉ?"

"እዚያው ይማታሉ፣ እዚያው ይታረቃሉ። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ለብቻው ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እንኳ አይታወቅም።"

"እሰይ! እኔም የምፈልገው እሱን ነው" አለች።

ሰኞ ዕለት አብረው ዕቃ መሸጫው ሄዱ። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው፤ ሁለቱን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ያብራራል። ኮንሶል ከቴሌቪዥን ጋር ሰክተው የሚጫወቱበት፣ ለብዙ ዓመት ሳይነካኩት የሚያገለግል ነው። ኮምፒውተር ግን ጨዋታው ይበዛል፣ ዕቃው ሲያረጅም እየፈቱ ይቀይሩታል፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ሜሞሪው፣ ማቀዝቀዣው... ሲስተር አንዱንም አልሰማችው። ገመድ አልባ ጆይስቲክ አንስታ በመዳፏ ትመዝናለች።

"ይሄ ክብደቱ ስንት ነው?"

"እጅ አያደክምም እናቴ፣ በጣም ምቹ ነው።"

"ሲወረወር ማለቴ ነው።"

ሻጩ ሽማግሌውን አየው። ሽማግሌው የተሰፋ ቅንድቡን አሳየው። ሲስተር ጆይስቲኩን በገዛ ጉልበቷ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈችውና ፊቷ ተጨማደደ። "ይሄ አጥንት ይሰነጥቃል። ገመድም የለውም፤ ገመድ ያለው ቢያንስ ሩቅ አይሄድም።" ላፕቶፑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው፤ "ይሄማ ጣውላ ነው፣ አናት ይከፍላል" አለች። በእጅ ይዘው የሚጫወቱበትን ትንሹን ደግሞ ኪስ የሚገባ ድንጋይ ነው ብላ ናቀችው። መጨረሻ ላይ የጠረጴዛ ኮምፒውተሩ ጋ ደረሱ።

"ይሄ ኪቦርድ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰራል?"

"ማንም አስሮት አያውቅም እንጂ... ይታሰራል።"

"ትልቁስ ሳጥን?"

"እሱን ከጠረጴዛው ሥር በብረት ፍርግርግ መቆለፍ ይቻላል።"

ማውዙን አነሳችና ዞር ብላ የወንድሟ ደረት ላይ ወረወረችው።

"አመመህ?"

"አላመመኝም።"

"አሥር ስጠን" አለችው ሻጩን።

አናጢ ጠርታ በየኮምፒውተሩ መሀል የኮምፔርሳቶ ጣውላ መከለያ አስቆመች። ቁመቱ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ፊት አያይም። ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸውን ወደ መተላለፊያው አዞሩ። አንዱ የሌላውን ስድብ እንዳይሰማ ደግሞ ጆሮን እስከ መንጋጋ የሚደፍን ሄድፎን ለእያንዳንዱ ገዛች። አሥሩም እሱን አድርገው ሲቀመጡ ሰው ያለበት ቤት አይመስልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥርስ አልወለቀም። ሲስተር መርፌና ክሯን በቆርቆሮ ከታ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችውና እንቅልፏን መተኛት ጀመረች። "አየህ?" ትለዋለች ወንድሟን። እሱም "አየሁ" ይላታል፤ ግን ደስ አላለውም። የሚያስታርቀው ሰው አጥቶ በቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ነበር።

ሥራ ሲፈታ እሱም መጫወት ጀመረ። ሰው ሁሉ የሚወደው የጦርነቱን ጨዋታ ነው፤ አምስት ለአምስት ተከፍለው ይተኳኮሳሉ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ሽማግሌው ይሞላል። ሁሉም ስሙን ደብቆ የሚገባበት የውጊያ ስም አለው። ማን ማን እንደሆነ ላለመናገር ተማምለዋል፤ የጨዋታው ጣዕም እሱ ነው። አንዱ "ነብር"፣ አንዱ "ቀይ ጣት"፣ አንዱ ደግሞ "ማዕበል" ይባላል። ማዕበል ማንንም አያስጠጋም፤ እንደ ዝንብ ያረግፋቸዋል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ሲስተር ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ ነው። መካኒኩ ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ፣ የዕቃ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ነበር የመጣው። ማዕበል አሥራ አንድ ጊዜ ገደለው። ከበር ሲወጣ ገደለው፣ ሲደበቅ ገደለው፣ ጓደኛውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ገደለው። ማዕበል የሚባለው ሽማግሌውም ማንን እየገደለ እንደሆነ አያውቅም። የድሮው ጌም ቤት ቢሆን ኖሮ መካኒኩ ገና በሦስተኛው ሞት ጎኑ ያለውን ሰው ጡጫ ያቀምሰው፣ እሱም ይቀምስ፣ ነገሩም ያልቅ ነበር። እዚህ ግን ግራው ጣውላ፣ ቀኙ ጣውላ ነው። ኪቦርዱን ሊነቅል ሞከረ፣ ብሎኑ አልለቅ አለው። ሄድፎኑን አውልቆ "ማዕበል ማነው? ወንድ ከሆነ ይውጣ!" ብሎ ጮኸ። ማንም አልሰማውም፤ የሁሉም ጆሮ ተደፍኗል።

የጎማ መፍቻውን ብረት ከቦርሳው አወጣ። በመተላለፊያው እየሄደ በየሰዉ ትከሻ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን እያነበበ ፈለገ። ሰባተኛው ላይ አገኘው። "ማዕበል" ይላል ጽሑፉ። ከጽሑፉ ፊት የወንበር መደገፊያ፣ የሹራብ ቆብና ትልቅ ሄድፎን ብቻ ይታያል። መካኒኩ በሁለት እጁ መታ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ጨዋታው አልቆመም። ሌሎቹ ስምንቱ እየተኮሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ማዕበል በድንገት ሜዳ መሀል ደንዝዞ ቆመ፣ አይሸሽም፣ አይተኩስም። ቀቢው ይህን ሲሳይ አይቶ ጥይቱን አዘነበበትና ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ገደልኩት! ማዕበልን ገደልኩት!"

ወጥ ቤት የተሰማው ይህ ጩኸት ነው። ሲስተር "ዛሬ ደግሞ ደስታ ነው" እያለች ቢላዋውን እንደያዘች ብቅ አለች። መካኒኩ ወንበሩን አዙሮ ተንበርክኳል። ቆቡ ወልቋል፤ የወንድሟ ራስ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቢላዋውን ጥላ እጇን አንገቱ ላይ አደረገች። ትርታው ነበረ፤ የጭንቅላቱን ነገር ግን አይታዋለች። የምታውቀውን ባላወቀች! "መኪና!" ብላ ጮኸች እንጂ መርፌዋን አልጠየቀችም። ከኋላዋ ሰዎቹ መካኒኩን ጎትተው በወንበር፣ በእርግጫ፣ ባገኙት ነገር ቀጠቀጡት። ቀቢው ክንዱን ሲሰብረው እንኳ እጁን አላነሳም፤ "ሽሜ ነው፣ ሽሜ ነው" ብቻ ይል ነበር።

ሽማግሌው ሁለት ቀን ተኝቶ በሦስተኛው ሞተ። ሲስተር በሠራችበት በዚያው ሆስፒታል፣ ያኔ አብረዋት ይሠሩ በነበሩ ሰዎች እጅ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ መካኒኩ ክንዱን እንደታሰረ ሁሉንም አመነ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አለ። "ፊቱን ባየው ኖሮ ብሞት አልመታውም ነበር። ያየሁት ወንበርና ሄድፎን ነው። ስጠራውም አልሰማኝም።" ከኋላ የተቀመጡት የሰፈር ሰዎች አጉረመረሙ፤ ውሸታም ያለውም አለ። ዳኛው ሲስተርን የምትለው ካለ እንድትናገር ፈቀዱላት። ሰው ሁሉ እንድትረግመው ጠበቀ።

"እውነቱን ነው፣ ክቡር ዳኛ" አለች። "ፊቱን ቢያየው አይመታውም ነበር። እንዳይተያዩ ብዬ ጣውላውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጀርባውን ለሰው ያሰጠሁት፣ ጆሮውን የደፈንኩትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት አይታወቅም ብሎ ነግሮኝ ነበር።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ቅጣቱ ይቅለልለት ነው የሚሉት?"

"አላልኩም! የሚገባውን ይታሰር፣ ከፈለጋችሁ ዕድሜውን ሙሉ ይታሰር። እኔን የሚያስረኝ ግን ማነው?"

ይህ ለፍርድ ቤቱ የቀረበ ክስ አልነበረምና ዳኛው ወደ ፍርዱ አለፉ። መካኒኩ አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሲስተር ወደ ቤቷ ሄደች።