የአቁማዳው ዘር

አባ እንየው በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ሲሰፍሩ ይዘውት የመጡት ጓዝ እፍኝ የማይሞላ ነበር፤ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ቅዱስና አፏ በጅማት የተሰፋ አንዲት ትንሽ አቁማዳ። እትዬ ሺታዬ፣ ባለቤታቸው፣ «እኔን ከጓዙ ረሱኝ እኮ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አቁማዳዋ የያዘችው የወተት በጉንጬ ዘር ነው። ወተት በጉንጬ እሸቱ እንደ ስሙ የሚጥም የአገራቸው ማሽላ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት ትንሹ ልጃቸው በረሃብ ሲሞት እንኳ አቁማዳዋ አልተፈታችም። ዘር ከተበላ አገር አለቀ ማለት ነው፣ አሉኝ አባ እንየው። ይህን ስሰማ ተናደድኩባቸው፤ አልደብቅም።

እኔ የሄድኩት በመጋቢት 1985፣ ጋምቤላ ክልል ዐሥራ ሁለት ይባል በነበረ ጊዜ ነው። ከግብርና ቢሮ መዝገብ አስይዘው አቦቦ ወረዳ ላኩኝ፤ ሥራዬ በቁጥር በሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች እየዞርኩ ማን ተመላሽ፣ ማን ቀሪ እንደሆነ መመዝገብ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ አብዛኛው ሰፋሪ ወደ አገሩ ነቅሏል። እነ አባ እንየው ባሉበት መንደር ከሦስት መቶ ቤት የቀረው ሃያ ስድስት ነው። እሳቸውም አምና ሊሄዱ ተነሥተው እትዬ ሺታዬን ወባ ጣላቸውና ቀሩ።

«ተመላሽ በለኝ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ለሚያዝያ ዘር እደርሳለሁ።»

በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ነቢዩ ዛፉ ቢቆረጥም ጉቶው ይቀራል፣ ከሕዝቡ ጥቂቱ ተርፎ ይመለሳል ማለቱን ለራሳቸው እንደተነገረ አድርገው ይዘውት ነበር። የተነገረው ለሌላ ሕዝብ ነው ብላቸው፣ «ረሃብ ያየ ሁሉ አንድ ሕዝብ ነው» ብለው ዘጉኝ። ጎረቤቶቻቸው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሏቸዋል። ወረቀቱ እኔ ስለነበርኩ አልሳቅሁም።

ስምንት ዓመት በአቦቦ ሙቀት የተንጠለጠለ ዘር ግን አሳሰበኝ። እንሞክረው አልኳቸው። አቁማዳዋን ፈትተው ሃያ ፍሬ ቆጠሩልኝ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። በአምስተኛው ቀን ስንፈታው አንድም አልበቀለም። ሌላ ሃያ ሞከርን፤ እሱም ሻገተ።

አባ እንየው ጨርቁን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እንግዲህ ምን ይዤ ነው የምገባው?» አሉ። «ልጁ በከንቱ ነዋ የሞተው።»

ያን ጊዜ እትዬ ሺታዬ ከምድጃው ተነሡ። «ዘሩ አላለቀም» አሉ። «ቆንጥሬ ሰጥቻለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1978 ራሽን ሲቋረጥ፣ ከወንዙ ዳር የሚኖረው የአኙዋው ገበሬ የኦቻላ ሚስት ቅል ሙሉ የበቆሎ ዱቄት አመጣችላቸው። በእትዬ ሺታዬ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአቁማዳዋ በቀር ምንም የለም። ባላቸው እርሻ ሲውሉ ስፌቱን ፈትተው ሁለት እፍኝ ቅሉ ውስጥ ጨመሩና መልሰው ሰፉት።

«ለልጄ ያልፈታኸውን ለጎረቤት ትፈቺያለሽ?» አሉ አባ እንየው፤ ድምፃቸው ተሰብሮ አንተና አንቺው ተደባለቀባቸው።

«ለልጄ ሳልፈታው ስለቀረሁ ነው» አሉ እትዬ ሺታዬ። «ሁለተኛ እንዲቆጨኝ አልፈለግሁም።»

ሦስታችንም ኦቻላ ቤት ሄድን። ኦቻላ ወንበር ሰጥቶን ለምን እንደመጣን ሰማና ወደ ጎጆው ቀና አለ። ከጣሪያው ሥር፣ ጭስ በሚነካው ቦታ፣ ነጫጭ የማሽላ ራሶች ተሰቅለዋል።

«ይሄ ሺታዬ ነው» አለ። «ስሙን አናውቅም፤ ሺታዬ ሰጠች፣ ሺታዬ አልነው። በየዓመቱ እንዘራለን። ልጆች በጣም ይወዳሉ።»

አባ እንየው አንዱን ራስ አውርደው ፈለፈሉና ጥቂት ፍሬ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቆይተው፣ «እሱ ነው» አሉ። ከዚያ የሞተውን ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። እትዬ ሺታዬ ስሙን ከአፋቸው ሲሰሙት ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መሆኑን በኋላ ነገሩኝ። የኦቻላ ሚስት ያንኑ የድሮውን ቅል ዘር ሞልታ ሰጠቻቸው። እኔ መዝገቤ ላይ «ተመላሽ» ብዬ ጽፌ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሄድኩ።

በጥር ለሌላ ሥራ ስመለስ አባ እንየው ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ሲወቁ አገኘኋቸው።

«አልሄዱም እንዴ?»

«የሰው ዕቃ ይዤ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሞልቼ ልመልሰው ዘራሁ፤ በታኅሣሥ ሞልቼ መለስኩ።»

«ታዲያ አሁንስ?»

በዱላቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። ያ ቅል ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከአፉ የደረቀ ዓሣ ጅራት ይታያል።

«የኦቻላ ሚስት ትናንት ልካው» አሉ። «እስቲ አንተው ንገረኝ፤ እንዴት ነው የምሄደው?»