ሱሉልታ ድረስ የወሰደኝ ፍርሃት

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ቡራዩ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ በዚያ ላይ በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ አጨሳለሁ። ባለፈው ክረምት ከሚስቴ ጋር ስተኛ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ራሴን እያመመኝ ነው እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። እሷ ምንም አልጠየቀችኝም።

ቡራዩ ሐኪም ዘንድ ብሄድ የማያውቀኝ የለም። ስለዚህ ሱሉልታ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ በክራንች ገቡ። ቡራዩ ጎረቤታችን የሆኑ አባወራ ናቸው። እሳቸውም የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ዓምና አንድ እግራቸው ተቆርጧል።

«አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለህ?»

«ጉንፋን ነው፣ ኦቦ። አንቱስ?»

«ልጄ ያለችው እዚሁ ነው። ቁስሌን ላሳይ ብዬ።» አጠገቤ ተቀመጡና ከደረት ኪሴ ብቅ ያለውን ፓኬት አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለጉንፋን ማንም ከቡራዩ ሱሉልታ አይመጣም። ስኳር እንዳለብህ አውቃለሁ፤ እኔም አጫሽ ነበርኩ። ከእግሬ በፊት ወንድነቴ ነው የከዳኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ያኔ ብናገር ኖሮ ምናልባት እግሬ ይተርፍ ነበር።»

ልወጣ ስነሳ ተራዬ ደረሰ።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ላብ እያጠመቀኝ ነገርኳት። እሷ አላፈረችም።

«ስኳሩ የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ሲጋራው ያባብሰዋል» አለችኝ። «እዚያ የደም ሥር ከጠበበ ልብም ላይ ሊጠብ ይችላል። ልብዎን መታየት አለብዎት። ሲጋራውን ዛሬ ያቁሙ። ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

አታውቅም ነበር። ቤት ስደርስ ምስር እየለቀመች ነበር። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሰበታ እህቴ ጋ ሄድኩ ያልኩህ ቀን ደሜን ልመረመር ነበር የሄድኩት። በሽታ አምጥተህብኝ ይሆን ብዬ። ነፃ ነሽ አሉኝ።»

ውጤቷን ስትጠብቅ የተቀመጠችበትን ወንበር አሰብኩት። ብቻዋን ነበረች።

ሲጋራውን ሁለት ጊዜ ትቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት። በሦስተኛው ያዘልኝ፤ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ሐኪሟ ልቤን ካየች በኋላ ያዘዘችልኝ መድኃኒትም ረድቶኛል፤ ሰውነቴ አንዳንዴ ይታዘዘኛል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ፍርሃቱ ግን አለ። ባለፈው ሳምንት ዳገት ስወጣ ደረቴን ወጋ አደረገኝ። ቤት እንደገባሁ ለሚስቴ ነገርኳት። ጫማዋን እያጠለቀች «ተነስ፣ እንሂድ» አለችኝ።