ጆንያውን አሥራ አንድ ጊዜ ጣልነው

ባለቤቴ ቁርጭምጭሚቱን የሰበረው በእኔ እጅ ነው። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ እሱም ጭምር። ነገሩ ግን ይኸው ነው። በምንኖርበት ባዕድ ከተማ፣ ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አለት መውጣት ለሚለማመዱ ሰዎች በተሠራ ረጅም ግድግዳ ላይ እሱ ጫፍ ደርሶ ሲወርድ፣ ከታች ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ገመዱ መዳፌን እየላጠ ሄደ። ለቀቅኩት ልበል አመለጠኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ መሬቱን በአንድ እግሩ አገኘው።

እግሩ ጀሶ ውስጥ እንዳለ በኮቪድ ምክንያት ከተማው ተዘጋ፤ ግድግዳውም ተዘጋ። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ካልወጣ እኔም ገመድ አልይዝም። ሙቱንጎ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሐይቁ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ፣ የመሥሪያ ቤቴን ሥራ በኮምፒውተር እሠራ ነበር። መዳፌም እግሩም ዳኑ።

በቀጣዩ ዓመት ነገሮች ላላ ሲሉ ግድግዳው ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ባልደረባው ከውጭ ሲመለስ አዲስ የገመድ መያዣ አመጣለት። ባለቤቴ ማታ ከእራት ሳህናችን አጠገብ አስቀመጠው። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ከባድ፣ በጎኑ ትንሽ እጀታ ያለው ብረት ነው።

«የድሮው ያንቺን እጅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው» አለኝ። «ይኼ ግን ራሱ ፍሬን ይይዛል። ገመዱ ድንገት ሲሳብ ውስጡ ያለው ጥርስ ይነክሰዋል። እጅሽን ቢያመልጠው እንኳን ይቆማል።»

«ለማውረድስ?»

«እጀታውን ቀስ አድርገሽ ትስቢያለሽ። ስትለቂው ይቆማል። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንሞክረዋለን።»

እሱ እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። እኔ ግን «ቢያመልጠው» የምትለዋን ቃል ይዤ ቀረሁ።

የመመሪያውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መሣሪያው የሰውን እጅ እንደማይተካ በተለያየ መንገድ ደጋግሞ ይናገራል። ታዲያ እጄ ያው የድሮው እጄ ከሆነ ምን ተለወጠ? ማክሰኞ ዕለት እሱ ቡጎሎቢ ወደሚገኘው ቢሮው እንደሄደ ወደ ግቢው ወረድኩና ዘበኛችንን እርዳታ ጠየቅኳቸው። አዛውንት ናቸው፤ በአክብሮት ሙዜ እንላቸዋለን። እሳቸው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ፣ እኔ በተሰባበረ ስዋሂሊ እንግባባለን። በጓሮው የውኃ ታንከር የተቀመጠበት የብረት ማማ አለ። ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት የነበረበትን ጆንያ በአሸዋ ሞልተን በገመዱ ጫፍ አሰርነው። ገመዱን በማማው አናት አሳልፈን ሌላውን ጫፍ ወገቤ ላይ በታጠቅኩት መያዣ ውስጥ አስገባሁት። ጆንያውን ተጋግዘን እስከ ማማው መሰላል የላይኛ እርከን ጎተትነው።

ሙዜ ወጥተው በእግራቸው ገፉት። ብረቱ ቀጭ አለና ጆንያው አየር ላይ ቆመ። እኔ ምንም አላደረግኩም ማለት ይቻላል። እጀታውን በግራ እጄ ስቤ ቀስ ብዬ አወረድኩት። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ዕቃው ጥሩ ነው» አሉ ሙዜ። የእኔም ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ።

በሦስተኛው ስናወርድ እጀታውን ትንሽ አብዝቼ ሳብኩት መሰለኝ፣ ጆንያው ፈጠነ። ደነገጥኩ። ስደነግጥ እጄ የሚያውቀው መጨበጥ ብቻ ነው። እጀታውን መልቀቅ ሲገባኝ ጨርሼ ወደ ራሴ ሳብኩት። መሣሪያው እንደታዘዘው ገመዱን ለቀቀው። ጆንያው መሬት መትቶ ፈነዳ፤ አሸዋው እስከ ጫማዬ ድረስ ተበተነ።

ሙዜ ከመሰላሉ ወርደው አሸዋውን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ለባልሽ ንገሪው» አሉኝ።

አልነገርኩትም። አሸዋውን ጠርጌ፣ ገመዱን ጠቅልዬ መልሼ አስቀመጥኩ። ማክሰኞም ረቡዕም እሱ ስለ ቅዳሜ ያወራል፤ እኔ እሺ እላለሁ። ገበያ ሄጄ ቲማቲም ስመርጥ ሻጯ «አፈረጥሽው እኮ» ስትለኝ ነው ግራ እጄን ያየሁት። መሰረዣ ሰበብ ፈለግኩ፤ ጉንፋን፣ አስቸኳይ ስብሰባ፣ የእናቴ መታመም። እናቴን በውሸት ላሳምማት ማሰቤ ራሱ አስፈራኝ።

ሐሙስ ለምሳ ቤት ሲመጣ ጆንያውን መጣሌን ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ። አንዴ ይበቃል።»

«ለምን እስከ ዛሬ ድረስ ዝም አልሽ?»

«ደግመሽ ጣልሽኝ እንዳትለኝ።»

«መጀመሪያም እኮ አላልኩሽም።»

«ስላላልከኝ ነው» አልኩት። «ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳህኑን ገፋ አደረገው። ከዚያ ወደ መዳፌ እያየ «እሺ» አለ። «ያን ቀን ተናድጄብሽ ነበር። አንድ ወር ሙሉ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልተናገርኩት።» ስሰማው አለቀስኩ፤ ግን ቀለልም አለኝ።

አርብ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። በሌላ ጆንያ አሸዋ ሞልተን ጀመርን። መጀመሪያ መያዣውን የታጠቀው እሱ ነው። «እንዴት እንደምትለቂው ላሳይሽ» አለ። ሙዜ ገፉት፤ ያዘው። ሲያወርድ ሆነ ብዬ ከጎኑ ጮህኩበት። እጀታውን ጨመደደው፤ ጆንያው ወረደና መሬት መታ። ባለቤቴ ብረቱን እንደማያውቀው ዕቃ ተመለከተው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«በወጣትነቴ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን በገመድ አወርድ ነበር» አሉ ሙዜ ከላይ ሆነው። «አንድ ሰው ብቻውን ይዞ አያውቅም። ከኋላው ሌላ ሰው የገመዱን ጭራ ይይዛል። የፊተኛው ቢደነግጥ የኋለኛው አይደነግጥም።»

በዚያ ቀን እየተፈራረቅን ሰባት ጊዜ ጨመርን። ትምህርቱ አንድ ነበር፦ ቀኝ እጅ ከገመዱ አይለይም፤ ሲደነግጡ ግራ እጅ ይከፈታል። ለማለት ቀላል ነው። እኔ ሳላስብ እጄ የተከፈተው በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሄድን። በግድግዳው ከሚለማመደው ክለብ አባላት አንዷን ከኋላዬ ቆማ የገመዱን ጭራ እንድትይዝ ለመንኳት። ገመዱ በትክክለኛው አቅጣጫ መግባቱን እኔም ባለቤቴም አየን፤ በኃይል ስበን አረጋገጥን። እሱ እንዳያንሸራትተው እጁን ነጭ ዱቄት ውስጥ ነክሮ ወጣ። ጫፉ ጋ ሳይደርስ እግሩ ከመርገጫው ተንሸራተተና ወደቀ። ብረቱ ነከሰ፤ እኔ ቀላል ስለሆንኩ የእግሬ ጣቶች ብቻ መሬት እስኪነኩ ወደ ላይ ተነሳሁ። እሱም ከላይ ተንጠልጥሎ ቆመ።

«ያዝሽኝ?»

«ይዤሃለሁ። ላውርድህ?»

«አውርጂኝ።»

ግማሽ ላይ ፍጥነቱ ጨመረብኝ። ግራ እጄ ግን ተከፍቶ ነበር፤ እሱ ከራሴ በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ወደ ታች እያየ።

«ደነገጥኩ።»

«ጥሩ ደነገጥሽ» አለ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ሳቀች። ቀሪውን እንደ እንቁላል ይዤ አወረድኩት።

በኋላ የክለቡ ኃላፊ አባላት ሁሉ በዚህ መያዣ ይጠቀሙ ወይ ብሎ አስተያየታችንን ጠየቀን። ባለቤቴ «አንቺ ተናገሪ» አለኝ። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ግን ማንም ሰው አሸዋ የሞላ ጆንያ ሳይጥልበት ሰው አይያዝበት አልኩ። ኃላፊው ነገሩን ማክበድ አይሆንም ወይ አለ። «ይክበድ» አልኩት። ጥቂት ተከራክረን ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ጆንያ ይጥላል።

ዛሬም እሱ ሲወጣ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አይወርድልኝም። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ወደ ግድግዳው ስንሄድ እሱ ከፊቴ ስለ አየሩ ያወራል፤ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ግራ እጄን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ።