አክስቴ የተኙባቸው ክፍሎች

አዲስ በተቀባ ባዶ ክፍል ውስጥ ቀትር ላይ ጋደም ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ይህን ያስለመዱኝ በቅርቡ ያረፉት አክስቴ ናቸው።

ሐረር፣ ከፈረስ መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው የሚያከራዩዋቸው አሮጌ ክፍሎች ነበሯቸው። የመጀመሪያውን በዕቁብ ብር አሳደሱ፤ የሁለተኛው ጣሪያ ደግሞ ከመጀመሪያው ኪራይ ወጣ። እንዲህ እያለ አንዱ ክፍል ሌላውን አቆመው።

እድሳቱ ሲያልቅ ግን ቁልፉን ወዲያው ለተከራይ አይሰጡም። ሰሌን አንጥፈው፣ በሩን ዘግተው ይተኙበታል።

«እትዬ፣ ኪራዩን ከራስዎ ሊቀበሉ ነው?» ይላቸዋል አናጢው እየሳቀ።

«አንተ ምስማርህን ምታ! ቤት ጉድለቱን የሚናገረው ለተኛበት ሰው ነው።»

አንዳንዴ እኔንም አጠገባቸው ያስተኙኝ ነበር። ኖራው ይሸተናል፤ የገበያው ጫጫታ ከሩቅ እንደ ወንዝ ይሰማል፤ ግድግዳው ከእኛ ጋር የሚተነፍስ ይመስለኛል።

የመጨረሻውን ክፍል ሳይጨርሱ አረፉ። እኔ አስጨረስኩት። ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች መምህርት ቁልፉን ትጠብቃለች። ትናንት ቀትር ላይ ሰሌናቸውን አንጥፌ ተኛሁ። ሳላስበው የሰሌኑን ዳር ይዤ ተኝቻለሁ፤ በግድግዳው በኩል ያለው የእሳቸው ቦታ ነበር። እንቅልፍ ሲያንጎላጀኝ፣ ሳንቲም የምታክል የፀሐይ ብርሃን ባዶው ቦታ ላይ አረፈች። ቀና ብዬ አየሁ፤ ቆርቆሮው ተበስቷል። ዝናብ ቢመጣ የመምህርቷ አልጋ ላይ ነበር የሚወርደው።

«አንድ ቀን ታገሺኝ» አልኳት።

እናንተም ክፍል ስታከራዩ፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት እስቲ አንድ ቀትር ተኙበት። አጠገባችሁም ትንሽ ቦታ ተዉ።